ጠበቀብሽ እንዴ?

መጀመሪያ የተሰማኝ መደንዘዝ ነው። ትንሿ ጣቴ ደነዘዘች፤ ከዚያ ሁሉም። መቂ ላይ ከባጃጅ ወድቄ የግራ ክንዴ በተሰበረ ማግስት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ የሚያምናቸው ወጌሻ ክንዴን በሸምበቆ ደግፈው በጨርቅ ጥፍር አድርገው አስረውታል። «እኔ እስክፈታው ማንም እንዳይነካው» ብለው ሄዱ። በእኛ ዘንድ ወጌሻ ያሰረውን ሌላ ሰው አይፈታም፤ አጥንቱ ይጣመማል ይባላል።

«እማዬ፣ ጠበቀብኝ፤ ፍቺልኝ።»

«ቻይው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። እየገጠመ ነው» አለች ልጇን እያባበለች። ምን ታድርግ! እሷንም በልጅነቷ ያዳኗት እሳቸው ናቸው።

ጣቶቼ አበጡ። ቀዘቀዙ። ጠቆሩ። ሕመሙ ጠፋ። ተሻላት ተባለ። ጎረቤቱ «እንኳን እግዜር ማረሽ» ሊል ገባ።

ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠኝ ወደ አዳማ አሮጡኝ። ሐኪሙ ማሰሪያውን በመቀስ ቆረጠው። «ጋንግሪን ነው፤ ሥጋው ሞቷል» አለ። «ደም ሳይደርሰው ቆይቷል። አምፑቴሽን ያስፈልጋል፤ አለዚያ ልጅቷን እናጣታለን።»

እማዬ ፈረመች። ክንዴ ከክርን በላይ ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ የሌለው ጣቴ ያመኝና ያሳክከኝ ጀመር። ፋንተም ፔይን ይሉታል። ልከከው ብል የት አግኝቼ! ትከሻዬ እንዳይደርቅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ውኃ ውስጥ እንድንቀሳቀስ አዘዘችኝና አዳማ ያለ አንድ የሆቴል ገንዳ ገባሁ፤ ገብቼም ቀረሁ። በአንድ እጅ ስቀዝፍ ሰውነቴ ወደ ግራ እየዞረ ከግድግዳው ያላትመኝ ስለነበር እዚያ ያገኘሁት አሠልጣኜ «አንቺ፣ ከግድግዳው ጋር ምን አላችሁ?» እያለ ይስቅብኛል፤ በእግሬ ምት ቀጥ ብዬ መሄድን ያስተማረኝም እሱ ነው። ወደድኩት፤ ውኃውን ማለቴ ነው!

ችግሬ ቆቡ ነበር። የዋና ቆብ ላስቲክ ነው፤ በአንድ እጅ አይጠለቅም፤ የምታጠልቅልኝ እማዬ ናት። ታዲያ ባጠለቀችልኝ ቁጥር «ጠበቀብሽ እንዴ?» ትልና ታላላዋለች። መወዳደር ከጀመርኩ ወዲህ ውድድር መሃል እየተንሸራተተ ዓይኔን ይሸፍነኛል፤ በእሱ ምክንያት መጨረሻ የወጣሁበት ጊዜ አለ። አሠልጣኜ «ሌላ ሰው ያልብስሽ» አለኝ። እንዴት አድርጌ! እማዬ ያን ሸምበቆ ሳይፈታ የቀረው የእሷ እጅ መሆኑን አንድ ቀን ረስታው አታውቅም።

ለፓራሊምፒክ የሚዘጋጀው ቡድን በሚመረጥበት ቀን ቆቡን እንደ ልማዷ አላልታ አጠለቀችልኝ። ዛሬ ከተንሸራተተ ሁሉም ነገር አበቃ።

«ጠበቀብሽ እንዴ?»

«አልጠበቀም፣ እማዬ። አጥብቂው። ካመመኝ እነግርሻለሁ፤ ያኔ ትፈቺዋለሽ።»

አየችኝ። ከዚያ ሳበችው። ኧረ ወገን! ቅንድቤ ግንባሬ ላይ ወጣ። ቆቡ ግን ንቅንቅ ሳይል ዋኝቼ ጨረስኩ፤ ተመረጥኩም።

ሕይወቴን ያተረፈውን ሐኪም፣ ባለሙያዋንና አሠልጣኜን እግዜር ይስጥልኝ። ወጌሻውን አልተቀየምኳቸውም፤ ዛሬ ጣት ከቀዘቀዘ ማሰሪያውን ፈትተው ታማሚውን ወደ ሐኪም ቤት ይልካሉ አሉ። እናንተም ወጌሻ ያሰረው ሰው ቤታችሁ ካለ ጣቱን ዳስሱት። ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ማንንም ሳትጠብቁ ፍቱትና ወደ ሐኪም ሩጡ። «ጠበቀብኝ» ሲል እመኑት።

እማዬ ዛሬም ትጠይቀኛለች።

«ጠበቀብሽ እንዴ?»

«ጠብቋል።»

«ልፍታልሽ?»

«ኧረ ተይው፣ ልዋኝበት!»