ማሳ የሌለው መብራት

ባለፈው ሳምንት ኦሎምፒያ አካባቢ ልጄ መኪናው ላይ ያስገጠመውን የጉም መብራት አንድ ኤሌትሪሺያን ሲፈትሽ፣ «እማማ፣ ይሄኛው ማሳ የለውም» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ካዛንቺስ ታክሲ ይነዳ ነበር። ለእንጦጦ ጉም ብሎ ከፊት ሁለት መብራት አስጨመረ። የግራው ቦግ ሲል የቀኙ ጭል እንኳን አላለም። ጎረቤቱ ከቦ እያየ መካኒኩ ጋሽ ሰይድ ከመኪናው ስር ሆኖ፣ «አገኘሁት! ይሄ ምስኪን ማሳ የለውም!» ብሎ ጮኸ።

እኔ የማውቀው ማሳ የሚታረሰውን ነው። አባቴ አዲስ አበባ የገባው የወሎ ማሳውን ታላቅ ወንድሙ ነጥቆት ነው፤ ይህንንም ለሰው አውርቶ አያውቅም። የተሰደበ መሰለኝ።

«ወንድሙ ቀምቶት ነው! ግማሹ የሱ ነው!» ብዬ ከመኪናው ስር ብቅ ያለውን የጋሽ ሰይድን እግር ረገጥኩት።

አባቴ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ሰይድ እያነከሰ ወጥቶ፣ «አንቺ ጉደኛ፣ ማሳ እኮ እኛ ዘንድ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ሽቦ ነው» አለኝ። ከዚያ የብረቱን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ሽቦውን አሰረው። የቀኙም ቦግ አለ።

አባቴ ቀና ብሎ መብራቱን አየና በሳቅ ፈረሰ። «እሱስ ማሳ አገኘ» አለ።

የልጄ መኪና ላይም ቢሆን፣ ሁለቱ መብራቶች እኩል ቦግ ማለታቸውን ጎንበስ ብዬ ሳላይ ከጋራዡ ንቅንቅ አላልኩም።