የፌቨንን ጆሮ ለማስመርመር ከላፍቶ ብስራተ ገብርኤል

ከቤት የወጣሁት የሁለት ዓመት ተኩል ልጄን ፌቨንን ጆሮዋን ላስመረምር ነው። ስጠራት አትዞርም፤ እስካሁን እማዬ ብላኝ አታውቅም። ባሌ ታደሰ "የኛ ቤት ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት ዘግይተው ነው" ይላል። እኔ ግን አልሰማ ብሏት ነው ብዬ ደምድሜአለሁ። ለማይሰማ ጆሮ መሣሪያ አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

ከላፍቶ መካኒሳ

ሌሊቱን ስለዘነበ ኮብልስቶኑ ያንሸራትት ነበር። አዝያት ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ ከጎናችን የተቀመጡ ዘንቢል የያዙ እናት ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። ፌቨን ዳቦውን ወሰደች እንጂ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

"ምን ያለች ጨዋ ናት፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ" አሉ። "የኔ የልጅ ልጅ ብትሆን ይሄኔ ታክሲውን ትነዳው ነበር።"

"ያቺንማ እንዳያመጧት እማማ፣ እንጀራዬን ትዘጋብኛለች" አለ ረዳቱ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሰፈርም እንዲሁ ነው የሚሉኝ። ሴት ልጅ ዝም ስትል፣ ሰው ፊት ስታቀረቅር፣ እናቷ ትመሰገናለች።

ብስራተ ገብርኤል

መካኒሳ ታክሲ ቀይረን ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሳልሜ "ጆሮዋ ይሁን" ብዬ ለመንኩ። እናት ለልጇ እንዲህ ያለ ነገር ስትለምን ይገርማል።

የጆሮ ክሊኒኩ ውስጥ ባለሙያዋ በመሣሪያ ካየቻት በኋላ መሬት ላይ አስቀመጠቻት። ፌቨን የጠርሙስ ክዳን ማሽከርከር ጀመረች። ባለሙያዋ ከኋላዋ ሆና ስሟን ጠራች።

"እስኪ አንቺ ጥሪያት እህቴ።"

ጠራኋት። አልዞረችም። ባለሙያዋ ከኪሷ ብስኩት አውጥታ ወረቀቱን ቀስ ብላ አንኮሻኮሸች። ፌቨን ወዲያው ዞረች።

"ጆሮዋ ደህና ነው። የምትፈልገውን በጣቷ ትጠቁማለች?"

"እጄን ይዛ ትጎትተኛለች።"

"ደስ ያላትን ነገር አምጥታ ታሳይሻለች?"

"አይ።"

"የሰው ዓይን ዓይን ታያለች?"

"ጨዋ ስለሆነች ነው" አልኩ።

ባለሙያዋ ወንበሯን አስጠጋች። ኦቲዝም ሊሆን እንደሚችል፣ እርግጡን ግን የልጆች ሐኪም አይቶ እንደሚናገር ነገረችኝ።

"መድኃኒቱስ?"

"የሚያድን መድኃኒት የለውም። ሥልጠና አለ፤ ቶሎ ሲጀመር ይረዳል። ወረፋው ግን ረጅም ነው። እስከዚያ ፊት ለፊቷ መሬት ተቀምጠሽ አጫውቻት።"

መልስ ጉዞ

ጭኔ ላይ ተኛች። እኔ በመስኮቱ ምንም አላየሁም። ልጅ ላላችሁ የምለው ይህን ነው፤ እኔ የጠበቅሁት አፏን መፍታቷን ብቻ ነበር። በስሙ ስትጠሩት የማይዞር፣ በጣቱ የማይጠቁም፣ ያየውን እዩልኝ የማይል፣ ስትስቁለት መልሶ የማይስቅ ልጅ ካላችሁ፣ አፉን እስኪፈታ አትጠብቁ። ሰው ጨዋ ነው ቢላችሁም አሳዩት። ቀድሞ ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም እኔ ገና አላየሁም። ዛሬ ያወቅሁት ወረፋው ረጅም መሆኑን ነው።

ላፍቶ ስንደርስ ታደሰ በር ላይ ቆሟል።

"እህ፣ ምን አሉ?"

"ጆሮዋ ደህና ነው።"

"አላልኩሽም?" ብሎ ከጀርባዬ ተቀበለኝና ወደ ላይ አነሳት። እሷ በትከሻው ላይ አሻግራ ግድግዳውን ታያለች። ወዲያው በአንድ እጁ ለእናቱ ደወለ። "እማዬ፣ ምንም የለባትም አሉ፣ ተገላገልን" ይላል። እናቱ እልል ሲሉ እኔ ጋ ይሰማል።

ስልኩን እስኪዘጋ ቆሜ ጠበቅሁት።