ገዳዩ የጎደለበት መጽሐፍ

ፋርማሲስቷ ቀኑን ሙሉ ስለ ሽሮፕና ስለ ክኒን አወሳሰድ ስታስረዳ ትውላለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ወረቀት ላይ ሰው ትገድላለች። የምትጽፈው የወንጀል ልብ ወለድ ነው። ሰፈሩ ይህን ካወቀ ወዲህ መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ሁሉ፣ «የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው የምሞተው?» ሳይላት አይሄድም። ታላቅ እኅቷማ «መርዜ» የሚል ስም አውጥታላታለች።

የመጀመሪያ ረቂቋን ይዛ አንድ አሳታሚ ዘንድ ሄዳ ነበር። ሰውየው ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «ብዕርሽ ጥሩ ነው፤ ግን ምናለ የፍቅር ብታደርጊው?» አላት። ‹አስከሬኑንስ የት ላድርገው?› ልትለው አሰበችና ተወችው። ባሏ ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲያው እኛው እናሳትመዋለን» አለ፤ አሳተሙት።

መጽሐፉ ግን አልጋ ሥር ገብቶ ተኛ። ሽፋኑን ስልኳ ላይ ስትለጥፍ ዘመድ አዝማዱ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላታል እንጂ የሚገዛ የለም። የመጻሕፍት መደብሮቹም ተቀብለው ከመዝገበ ቃላት ጀርባ ይሸጉጡታል።

መላውን ያመጣችው ፀጉር ቤት ያላት ያቺው እኅቷ ናት።

«አንቺ፣ አንባቢ ፍለጋ የት ትዞሪያለሽ?» አለቻት። «እኔ ጋ ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት ጭንቅላቷ በሮለር ተጠቅልሎ የት ትሄዳለች? አምጪው።»

እውነትም፣ መጽሐፉን የጀመሩት ሴቶች ፀጉራቸው ደርቆም ከካስኩ ሥር አልነሣም ይሉ ጀመር። እኅትየው ቀስ አድርጋ ከእጃቸው ትወስድና፣ «ቀሪውን ገዝተሽ ቤትሽ» ትላቸዋለች። አልጋው ሥር ባዶ ሆነ።

የልብ ልብ ተሰምቷት ሁለተኛውን አሳተመች፤ ስልክ ቁጥሯንም ከጀርባው አስጻፈች። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት ደወለች።

«ገዳዩ ማን ነው?»

«ሲጨርሱት ያውቁታል» አለች ፋርማሲስቷ እየሳቀች።

«ጨረስኩት እኮ!»

እቤት ከቀሩት አንዱን አንሥታ ብታይ የመጨረሻው ምዕራፍ የለም። ማተሚያ ቤቱ ሲጠርዝ ብዙዎቹ ላይ ዘልሎታል። መርማሪው ቤተሰቡን ሳሎን ሰብስቦ «ገዳዩ እዚሁ መሀላችን ነው» ይላል፤ በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

መጽሐፉን ይዛ ሮጠች። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ሊያትም ቃል ገባ፤ ስልኩ ግን ፋታ አልሰጣትም። ለእያንዳንዱ ደዋይ መጨረሻውን ትተርካለች። ሲደክማት ባሏ ያነሣል፤ እሱ ደግሞ መጽሐፉን በቅጡ ስላላነበበው ለአንዷ ንጹሑን አትክልተኛ ገዳይ አድርጎ ነገራት። እንደገና ተደውሎ ይቅርታ ተጠየቀ።

ከደዋዮቹ አንዱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ።

«ልጄ፣ በስልክ እንዳትነግሪኝ» አሏት። «ፍርድ በችሎት ነው የሚነበበው። ሰብስቢንና አንብቢልን።»

ነገሩን ለእኅቷ ስታጫውታት፣ «ችሎቱ እኔ ጋ ይሁን» አለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ ጢም አለ። መጽሐፋቸው ያልጎደለባቸውም ሳይቀሩ መጥተው በር ላይ ቆሙ። ፋርማሲስቷ መጀመሪያ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ገጽ ስትገልጥ ግን ክፍሉ እስትንፋሱን እንደያዘ አየችና በረታች። ገዳዩ የቤተሰቡ ጠበቃ ሆኖ ሲገኝ ሁሉም አጉረመረመ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ጠርጥሬው ነበር። ግን ማስረጃሽ አይበቃም፣ ልጄ። እኔ ብሆን በነፃ ነው የማሰናብተው።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነማ ሊያስፈጁን ነው!» አለች አንዲት ሮለር ያልፈታች ሴት፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ፋርማሲስቷም ሳቀች፤ ነገሩ ግን ከነከናትና ሰው ሲበተን ዳኛው አጠገብ ተቀመጠች። «እስቲ ንገሩኝ፣ ጋሼ። ምኑ ጎደለ?»

«ጠበቃውን ክፍሉ ውስጥ ያየ ሰው የለም። የመርዙም ብርጭቆ ታጥቧል። በምን ትይዢዋለሽ?»

ልክ ነበሩ። መጽሐፉ እንደገና ከመታተሙ በፊት ምዕራፉን አስተካከለችው፤ አዲሱ ከፊተኛው ፈጥኖ ተሽጦ አለቀ። የመጀመሪያዋ ደዋይ ከፊተኛው ያልጎደለ ቅጂ ፈልጋ ከአዲሱ ጋር እያስተያየች እንደምታነብ ነገረቻት።

አሁን ሦስተኛው ላይ ናት። ረቂቁን በየምዕራፉ ለዳኛው ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸውም በእርሳስ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ጽፈው ይመልሱላታል። ባለፈው አንዲት ባለሱቅ ልትሞት ከተቃረበችበት መስመር አጠገብ፣ «ሕጉ አይከለክልሽም፤ ግን ይህችን ሴት ባትገድያት ደስ ይለኛል» የሚል አገኘች። ፋርማሲስቷ መድኃኒት እየሸጠች ከሰዓቱን ሙሉ ስታስብበት ዋለች። ማታ ባለሱቋን ታክሲ ላይ አሳፍራ እናቷ ቤት ላከቻት።