ጭቃው አንደኛ ወጣ

ሎርን ሃቺንግስ በካናዳዋ ሴንት ጆንስ ከተማ፣ ከወደቡ በላይ በሚሠራው ሕንፃ የደህንነት ኃላፊ ነው። እንጀራው ሠራተኛ ከፎቅ እንዳይወድቅ መጠበቅ ነው። ቤቱ ውስጥ ግን አምፖል የምትቀይረው ሚስቱ ናት፤ እሱ ወንበር ላይ እንኳ አይወጣም። ይህን ጉድ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ፎቁን የሚመረምረው መሬት ላይ ቆሞ፣ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ነው። «ነገር የሚታየው ከሩቅ ነው» ይላል፣ እንደ ትልቅ አዋቂ።

ይመጣል የተባለው ኃይለኛ ነፋስ ከመግባቱ በፊት አናጢዎቹ አንድ ሥራ ብቻ ማድረስ ይችላሉ። የትኛው ይቅደም? ሎርን ኮርስ ገብቶ የተማረው ዘዴ አለው፦ አደጋዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ እያንዳንዱን ሠራተኛ ለብቻው «የቱ ይበልጥ ያስፈራሃል?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም መልሱን መደመር። ዘዴው እንከን የለውም። እንከኑ ሎርን ነው፤ ሁሉንም ሻይ ክፍል ሰብስቦ እጅ አስወጣ። አባቶቻቸው በበረዶ ባሕር ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰዎች፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ ከፍታ ያስፈራኛል ብለው እጅ ሊያወጡ!

«ክፍቱ የፎቅ ጠርዝ ወይስ ወደዚህ የሚያመጣው መንገድ ላይ ያለው ጭቃ?»

«ጭቃው ነዋ!» አለ ሽማግሌው ፎርማን ሴልቢ። «እኔ ጠርዙ ላይ እግሬን አንጠልጥዬ ሳንድዊቼን እበላለሁ።»

«እኔ እንዲያውም እተኛበታለሁ» አለች አናጢዋ ግሌንዳ።

ሁሉም ሳቁ። ሎርንም ሳቀና እጁን ለጭቃው አወጣ፤ ያውም ከሁሉም ከፍ አድርጎ።

ድምሩ ሲወጣ ጭቃው አንደኛ፣ ጠርዙ መጨረሻ፣ ከሻይ ማፍያው የኤሌክትሪክ ገመድ እንኳ በታች ሆነ። አናጢዎቹ ጭቃው ላይ የእንጨት መተላለፊያ እንዲያነጥፉ ታዘዙ። ሎርን በራሱ አፈረ፤ ግን ትእዛዙ ላይ ፈረመ።

በማግስቱ ነፋሱ ከታሰበው ቀድሞ ገባ። ሎርን በመነጽሩ ሲያይ የሴልቢ ሄልሜት በረረ። ሴልቢ ሊይዘው እጁን ሲዘረጋ ጠርዙ ላይ ተንገዳገደ፤ ግሌንዳ ቀበቶውን ጨብጣ ወደ ውስጥ ጎተተችው።

ሎርን ደረጃውን እንዴት እንደወጣ አያውቅም። የመጨረሻውን ክፍል በአራት እግሩ ጨረሰውና መሀል ላይ ያገኘውን የኮንክሪት ምሰሶ አቀፈ። የደህንነት ኃላፊ ተብዬው!

«ሥራ አቁሙ!» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «ጠርዙ ሳይከለል ማንም እዚህ አይሠራም። ምርጫውም ይደገማል፣ ማንም ማንንም ሳያይ። ትናንት ዋሽቻለሁ። ከፍታ እፈራለሁ፤ ሞቴ ነው፣ ሰዎች! በሉ ሳቁ።»

ሳቅ ሲጠብቅ ከአጠገቡ የከባድ ቦት ጫማ ኮቴ ሰማ። ዓይኑን ሲገልጥ ሴልቢ ነው።

«እስቲ ትንሽ ጠጋ በልልኝ፣ ልጄ» አለው ሴልቢ። «እኔም ምሰሶውን ልያዘው።»