ለአዌቱ የሚነገር ወሬ

ባለፈው ወር የአባቴን ኮት ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ አንድ ጭብጥ ደረቅ ሳር አገኘሁ። አባቴ አናጺ ነው፤ ከኪሱ ሚስማርና እርሳስ ቢወጣ አይገርመኝም። ሳር ግን ምን ሊሠራለት? ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ አሸተትኩት። የወንዝ ዳር ሽታ ነበረው። እኔ የልጆች እናት፣ እዚያው እንደተቀመጥኩ የፊት ጥርሷ የወለቀ ዘሃራ ሆንኩ።

ያኔ ሄርማታ ከገበያው ጀርባ ነበር የምንኖረው። ጠዋት የሚቀሰቅሰን የአባቴ መጋዝ ነበር። ቤታችን የዋንዛ ፍቅፋቂ ይሸታል፤ ቡና በሚለቀምበት ወራት ደግሞ እሸቱ ሲፈለፈል የሚወጣው ያ ጣፋጭም ኮምጣጣም ሽታ ከገጠር በሚመጡት ሰዎች ልብስ ላይ ሁሉ ነበር። እኛ ሴቶቹ ሰኞ ማክሰኞ ስንዘል፣ ታላቅ ወንድሜ ጀማል ከአባቴ ባለ ሦስት እግር በርጩማዎች አንዱን ገልብጦ፣ እግሮቹን እንደ መሪ ጨብጦ፣ “አጋሮ! አጋሮ አንድ ሰው!” እያለ ተሳፋሪ ይጠራ ነበር። አባቴ “ይህ ልጅ ዕቃዬን ታክሲ አደረገው!” ብሎ ይቆጣና ዞር ብሎ ይስቃል። ያኔ ይስቅ ነበር።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? አንድ ክረምት ጀማል ከጓደኞቹ ጋር ሊዋኝ አዌቱ ወንዝ ገባ፤ ከላይ የዘነበው ዝናብ ያመጣው ጎርፍ ድንገት ደርሶ ወሰደው። በማግስቱ ወንዶቹ አግኝተው ቀበሩት። በእኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትወጣም። እናቴ አስከሬኑን እስከ ግቢው በር ብቻ ሸኘችው። ከዚያ ወዲያ ያለውን በወሬ ነው የሰማችው።

እናቴ የአጋሮ ገጠር ልጅ ነበረች። ከእናቷ በሰማችው ተረት ወንዝ ብዙ ልጆች ያሏት እናት ናት። የወሰደችውን አትመልስም፤ ነገር ግን እርጥብ ሳር ይዞ ለመጣ ሰው ወሬውን ለሄደው ሰው ታደርስለታለች፤ ሰው ቤት በባዶ እጅ አይኬድምና። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ እኔን አስከትላ ትወርድ ነበር። ከዳር ሳር ትነጭና ውሃው ላይ ትለቀዋለች። “ጀማል፣ ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ” ብላ ትጠራዋለች። ከዚያ የቤቱን ወሬ ትነግረዋለች። “ፍየሏ ሁለት ወለደች። ዘሃራ ጥርሷ ወልቋል፤ ስትስቅ ብታያት! አባትህ ሰሞኑን ሳል ይዞታል።” ስትጨርስ ፊቷ ፈታ ይላል፤ ወደ ቤት ስንመለስም ሸንኮራ ትገዛልኛለች። እኔ ወንድሜ እንደሚሰማን ቅንጣት አልጠራጠርም ነበር።

አባቴ ደግሞ ነገርን ሁሉ በስኳድራ፣ በማዕዘን መለኪያው፣ የሚለካ ሰው ነው። ወይ ልክ ነው ወይ ጠማማ፤ መሃል የሚባል ነገር አያውቅም። የወንዙን ነገር ጎረቤት ሹክ ሲለው “ሙት በዱዓ እንጂ በሳር አይጠየቅም። ሺርክ ነው፣ በአላህ ማጋራት ነው! ውሃ ውሃ ነው!” አላት። እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “የጀማል አባት፣ መቃብሩን አንተ ታውቀዋለህ። እኔ የማውቀው ውሃውን ነው” አለችው። ሁለተኛ በዚያ ስም እንዳትጠራው ከለከላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ “የዘሃራ አባት” ሆነ፤ የወንድሜም ስም ከቤታችን ወጣ።

እናቴ ወንዝ መውረዷን ተወች። ነገር ግን ልብስ ልታጥብ ሳፋውን በሞላች ቁጥር፣ ሳሙና ከመንከሯ በፊት ጎንበስ ብላ ለውሃው ታንሾካሹክለት ነበር። አንድ ቀን አባቴ ከኋላዋ ደረሰ። ሳፋውን አንስቶ ውሃውን ግቢው ላይ ደፋው። እናቴ አፈሩ እስኪመጠው ድረስ ቆማ አየች። ከዚያ በኋላ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ትሠራለች፣ ትሰግዳለች፣ ሰው ሲስቅ ፈገግ ትላለች፤ ወሬ ግን የላትም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ሳነብ፣ ተረት ሰው ብቻውን መሸከም ያቃተውን የሚያሳርፍበት ነው የሚል ሐሳብ አገኘሁ። ለእረፍት ስመጣ ይህንኑ ይዤ አባቴን ሞገትኩት። እንጨቱን እየላገ ሰማኝና “ልጄ፣ አንድ ምሰሶ ካዘመመ ቤት ይወድቃል” አለኝ። ምን ግትር ሰው ነው ብዬ ተናደድኩ። ሊወድቅ የፈራው እሱ ራሱ እንደነበር የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

እናቴ ዘንድሮ ረመዳን ሳይገባ ሞተች። ከዚያ ወዲህ አባቴን ላግዝ ከምኖርበት ከመንደራ ቆጪ ሄርማታ እመላለሳለሁ። ሳሩን ባገኘሁ ሳምንት፣ ዓርብ ከጁምዓ ሲወጣ ከሩቅ ተከተልኩት። ባጃጅ አልያዘም። ምርኩዙን ተደግፎ ቀስ እያለ ወደ አዌቱ ወረደ። እናቴ ወሬ የምትነግረው ወንዝ ሙሉ ነበር፤ ዳሩም ለምለም ነበር። አሁን የሃይላንድ ፕላስቲክ እየጎተተ ይሄዳል። አባቴ ፈልጎ ፈልጎ ጥቂት ሳር ነጨ። ይዞት ብዙ ቆመ። ኪሱ ሊከተው ሲል አየኝ።

“ዘሃራ፣ ምን ነበር የምትለው?” አለኝ።

እናቴን አንድም ቀን ሰምቷት አያውቅም። “መጀመሪያ ስሙን ይጠሩታል፣ አባ። ከዚያ የቤቱን ወሬ ይነግሩታል” አልኩት።

ሳሩን ውሃው ላይ ለቀቀው። ልጅ ሆኜ ወንዙ እንደሚሰማ አምን ነበር፤ ዛሬ ብዙ አንብቤ ብዙ እጠራጠራለሁ። በዚያች ሰዓት ግን አባቴ እስኪጨርስ ውሃው ድምፁን ዝቅ ቢያደርግለት ብዬ ተመኘሁ።

“ጀማል” አለ። “አባትህ ነኝ። ወሬ ይዤልህ መጣሁ።”

“እናትህ ሞታለች፣ ልጄ” አለው፤ ያን ክረምት ያላለቀሰውን ሁሉ እዚያ ቆሞ አለቀሰ።