አማትና ወንበር በአንድ አልጋ

አናጢው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀጭን ስለነበር ሰፈሩ ስንጥር ይለው ነበር። እሱም አይከፋው፤ «ስንጥር ብሆንም አንዴ ከገባሁ በቀላሉ አልወጣም» እያለ ይስቃል። የሚያሳፍረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አዲስ ሙሽራ ሳለ በብርድ ወራት ለአማቱ ወንበር ሠርቶ ሰጣቸው። በእንግዳ ፊት ቁጭ ከማለታቸው ወንበሩ አራት እግሩን ዘርግቶ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ መሬት ላይ ፍራሽ ያስነጥፋሉ። «መውደቅ ካማረኝ ዛፍ ላይ እወጣለሁ» ይላሉ።

አሁን ግን ጉልበታቸው ደክሞ ከመሬት መነሣት አቃታቸው፤ ጠቅልለውም ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ስንጥር ሳይመጡ በፊት የሚያምኑት ወንበር ሠርቶ ሊጠብቃቸው ቆርጦ ተነሣ።

ያን ዓመት ብርዱ ጉድ ነበር። ሥራ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ነፋሱ ባንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ይወጣል። የኮላውን ጣሳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያሞቃል፣ ይቀባል፣ ወንበሩን በገመድ ጠፍሮ ያሳድራል። ጠዋት ሲፈታው ኮላው እንደ ኖራ ነጥቶ ይፈረፈራል። ፍቆ እንደገና ይሞክራል፤ ያው ነው።

ሚስቱ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አየችውና የወንበሩን እግር ነካ አደረገች።

«አንተ ሰውዬ፣ በሙቅ ውሃ ታጥበህ በረዶ ላይ ብትተኛ ይሞቅሃል?»

«ምን ይሞቀኛል!»

«ታዲያ ኮላውን ስታሞቅ እንጨቱን ለማን ተውከው?»

ስንጥር ዞሮ ወደ ቤቱ አየ። ከቤታቸው ሁሉ የሚሞቀው አንድ ቦታ ነው፤ አልጋቸው።

«እንዳታስበው!» አለች።

አሰበው። እንጨቶቹን ከሙቅ ውሃ ጠርሙሶች ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ አስተኛ። ለብ ሲሉለት ኮላ ቀብቶ፣ አጋጥሞ፣ በገመድ ጠፍሮ መልሶ አለበሳቸው። ሚስቱ «ዛሬስ ጣውንት አመጣህብኝ» እያለች ትሳደባለች፤ ጠርሙሱን የምትሞላው ግን እሷው ናት።

ገና ብርድ ልብሱን ሳያስተካክሉ በሩ ተንኳኳ። በማግስቱ ይመጣሉ የተባሉት አማት መኪና ቀንቷቸው ቀድመው ደረሱ። ብርዱ ጥርሳቸውን ያንቀጫቅጨዋል። «ሰላምታው ይቆየኝ፤ ልጋደም» ብለው፣ ያዝ የሚላቸው ሳይኖር፣ አልጋው ውስጥ ገቡ።

ብርድ ልብሱ ውስጥ በእጃቸው ዳበሱ።

«ልጄ፣ እዚህ የተኛው ማነው? እግሩ አራት ነውሳ!»

ስንጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «እማማ፣ ወንበር ነው... የእርስዎ። ኮላው በብርዱ አልይዝ ብሎኝ ነው፤ አሁን አወጣዋለሁ።»

«እንዳትነካው!» ወንበሩን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ሙቅ ጎን አላገኘሁም። ደግሞ አያንኮራፋም!»

ሚስቱ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። አማት ቀኑን ሙሉ ከወንበሩ ጋር ዋሉ፤ «ኧረ ጠርሙሱ ቀዘቀዘ፤ ጓደኛዬን ብርድ ሊመታብኝ ነው!» እያሉ ከአልጋ ሆነው ያዛሉ።

በማግስቱ ስንጥር ገመዱን ፈታ። መጋጠሚያው ላይ አንዲት የነጣ ነጥብ የለችም። ቀድሞ ሊሞክረው ጎንበስ ሲል አማት በከዘራቸው ገፋ አደረጉት።

«ዞር በል! አንተን መሸከም ምን ሙያ ነው!»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወደ ቀኝ አዘነበሉ፣ ወደ ግራ፤ ከዚያ እንደ ልጅ ዘለል ዘለል አሉበት። ወንበሩ ሲጥ አላለም። ስንጥር አጠገባቸው ቆሟል።

«ምን ይገትርሃል? መስኮቱ ጋ ውሰደኝ፤ መንገደኛ ልይ።»

ሊያነሣቸው እጃቸውን ቢይዝ፣ «እኔን ለምን? ወንበሩን አንሣ!» አሉት። ባልና ሚስት ግራና ቀኝ ይዘው ከነወንበሩ አነሷቸው፤ እሳቸውም እግራቸውን እያወዛወዙ፣ በሳቅ እንባቸው እየፈሰሰ፣ «ቀስ! ቀስ!» እያሉ ሄዱ።