በመዝገብ ያልነበረው ክፍል

ልብስ ሰፊው አቶ ሻንካ ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ወሬው ሻንቶ ከተማ ድረስ ደርሶ ብዙዎቻችሁ በቀብራቸው ላይ ተገኝታችኋል፤ ያልሰማችሁም ስለማትጠፉ ይህን ለሁላችሁም እጽፋለሁ። የምጽፈው እንደ ወዳጅ ብቻ አይደለም። የቤታቸውን የፊት ክፍል ለማፍረስ ሦስት ዓመት ፈቃድ ሲጠይቁ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት መስኮት ጀርባ ተቀምጬ «ነገ ይመለሱ» እያልኩ የመለስኳቸው ሰው እኔ ነኝ።

በሶዶ የተማርን ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ቁምጣችንን የሰፉልን እርሳቸው ናቸው። ጫፉን ሰፋ አድርገው ወደ ውስጥ ያጥፉት ነበር። እናቴ «ምነው ጨርቁን አባከኑት?» ብትላቸው «ልጁ ያድጋል፤ ከአሁኑ እናስብለት እንጂ» አሏት። ያ ቁምጣ ሁለት ጊዜ ተተርትሮ ረዝሞልኛል። አባት የሌለው ልጅ ሲመጣ ደግሞ ልኬቱን ወስደው ስለ ዋጋ አያነሱም፤ ልብሱ ሲያልቅ ራሳቸው ቤቱ ድረስ ያደርሱለታል።

የፊት ክፍል ያልኩት የስፌት ቤታቸውን ነው። በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ ሥራ ሲበዛባቸው፣ የዚያን ጊዜውን ሹም በቃል አስፈቅደው ከመኖሪያ ቤታቸው ፊት በጭቃ ሠሩት። በሩ ወደ መንገድ ነው፤ የጀርባው ግድግዳ ከመኖሪያው ቤት በርና መስኮት የሚርቀው አንድ ክንድ ያህል ነው። ወደ ቤት የሚገባው በዚያች መተላለፊያ በጎን እየተሄደ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ ጤነኛ ሳሉ ቀኑን ገበያና ጓሮ ስለሚውሉ ጥበቱ አልታወቃቸውም። በኋላ ግን እግራቸው ተያዘና አልጋ ላይ ቀሩ። ዱቦ ሆስፒታል ተወስደው የታዘዘላቸው ፀሐይ ነበር። የቤቱ መስኮት ያው አንዱ ብቻ ነው፤ ድሮ ዳሞታ ተራራ ይታይበት ነበር፤ አሁን ጭቃ ሆኗል።

አቶ ሻንካ የስፌት መኪናቸውን ወደ ገበያ በረንዳ አዛወሩና ለማፍረስ ማመልከቻ ይዘው መጡ። እኔም የአንድ ቀን ጉዳይ መስሎኝ ነበር። መዝገቡን ባወጣው ክፍሉ የለበትም። በቃል የፈቀዱት ሹም ተዛውረው ሄደዋል። አለቃዬ «በመዝገብ ለሌለ ቤት የማፍረሻ ፈቃድ አይሰጥም፤ መጀመሪያ ይመዝገብ» አሉ። ለመመዝገብ መሐንዲስ መጥቶ አየውና «ከደረጃ በታች ስለሆነ አይመዘገብም፤ ይፍረስ» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ይዘው ፊታቸው ፈክቶ መጡ። አለቃዬ አነበቡት። «ለማፍረስ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ደግሞ ይመዝገብ ብለናል» ብለው መለሱት።

ታዲያ ለምን ዝም ብለው አላፈረሱትም የሚል ይኖራል። በዚያው መንገድ ላይ ጎረቤታቸው በመዝገብ የሰፈረ አጥሩን ያለ ፈቃድ ነክቶ ቦታውን ተነጥቋል። «ብነጠቅ ማርታን የት ላስተኛት?» ይሉኝ ነበር። 

አንድ ቀን መስኮቴ ላይ ቆመው ሲጠብቁ የኮቴ ቁልፍ መንጠልጠሉን አዩ።

«ኮትህን ወዲህ በል።»

«ጋሼ፣ ሰው እኮ ያየናል።»

«ይየን። እጄን አጣጥፌ ከምቆም ይሻላል።»

መርፌ ከደረታቸው ጠፍቶ አያውቅም። ቁልፌን ሰፍተው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ቀና ብለው «ነገ ልመለስ አይደል?» አሉኝ። ቃሉ ከእኔ አፍ እንዳይወጣ ብለው ነው። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ግን በማግስቱም መለስኳቸው። የምፈራው አለቃዬን ነበር።

እሁድ እሁድ ወይዘሮ ማርታን አዝለው በመተላለፊያዋ በጎን እየተራመዱ ያወጧቸውና መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። አምና ደረታቸው ታመመ፤ ማዘሉም ቀረ። ልጠይቃቸው ስሄድ በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ በርቶ ሁለቱ ተቀምጠዋል። የፋኖሱ ሽታ ያፍናል፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ለመጨረሻ ጊዜ ስንገናኝ «ማመልከቻዬን እንዳትጥለው፤ እኔ ባልመጣም ማርታ አለች» አሉኝ።

ማክሰኞ እድርተኛው የሬሳ ሳጥኑን ይዞ መጣ። ባዶው ሳጥን እንኳ በመተላለፊያዋ ታጥፎ ወደ በሩ አልገባ አለ። አንዱ «በጋቢ ጠቅልለን በጀርባ እናውጣቸው» አለ። ወይዘሮ ማርታ ከአልጋቸው ሰሙ።

«እኔን በጀርባቸው ሲያወጡ ኖረዋል። እሳቸው እንደዚያ አይወጡም፤ በክብር አውጡልኝ።»

የእድሩ ዳኛ ግድግዳውን አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ፈቃዱስ?»

«አለ።»

«ማን ሰጠ?»

«እኔ።»

የመጀመሪያውን መጥረቢያ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቆርቆሮው ወረደ፣ ቋሚዎቹ ተቆረጡ፣ ግድግዳውን ሰው ሁሉ ገፋው። ሦስት ዓመት የተለመነበት ክፍል አንድ ሰዓት አልፈጀም። አቧራው ሲበርድ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ አረፈች፤ ወይዘሮ ማርታ ብርሃኑን ስላልቻሉት ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከለሉ። ሳጥኑ በአራት ሰው ትከሻ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ጋሼ ሻንካ፣ ማመልከቻዎን አልጣልኩትም። ዛሬ መዝገቡን ከፍቼ አየሁት፤ በመዝገብ ያልነበረ ክፍል ስለሆነ መፍረሱም የትም አይጻፍም፤ የጠየቀኝ ሰውም የለም። ይህንን ከሦስት ዓመት በፊት ማየት እችል ነበር፤ ፈርቼ አላየሁትም። ይቅር ይበሉኝ። ወይዘሮ ማርታ ዛሬ ጠዋት ትራስ ተደግፈው ዳሞታን ሲያዩ ትቻቸው መጥቻለሁ፤ ነገም ሄጄ አያቸዋለሁ። የሰፉልኝ ቁልፍ እንደ ጠበቀ ነው። እርስዎ ይረፉ ጋሼ፤ ከእንግዲህ ነገ መመለስ የለብዎትም።